የተያዘ መልህቅ፦ እንዴት እናስለቅቀው?

በትምህርት ክፍላችን የመስክ ልምምድ ላይ የምንማረው ብዙ ነው። ሴኪ ዲስክ እንዴት እንደሚወርድ፣ ከሐይቁ ወለል ጭቃ በኤክማን ግራብ እንዴት እንደሚወጣ፣ የፕላንክተን መረብ እንዴት እንደሚጎተት፣ በናሙና ጠርሙስ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ሁሉ ይነገረናል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ጀልባው በአንድ ቦታ ሲቆም ነው፤ የሚያቆመው ደግሞ መልህቅ ነው። ስለ መልህቅ በማስታወሻ ደብተሬ ያለኝ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «ጣቢያው ላይ ስንደርስ መልህቅ ይጣላል።» እንዴት እንደሚወጣ አልተጻፈም። ጣጣው ያለው ደግሞ ማውጣቱ ላይ ነው።

ባለፉት ሁለት የመስክ ጊዜያት በጣና ሐይቅ ላይ ከጀልባ ነጂዎችና ከዓሣ አስጋሪዎች ጋር ስውል ይህንን ጉዳይ ሆን ብዬ ስጠይቅ ቆይቻለሁ። ከመጻሕፍት ያገኘሁትንም እነሱ ከሚሉት ጋር አመሳክሬአለሁ። በአብዛኛው ይስማማሉ፤ የማይስማሙበትን ቦታ ደግሞ እየጠቆምኩ እሄዳለሁ። በተለይ ከእኛ ቀጥሎ ወደ መስክ የሚወጣው ባች ቢያነበው ደስ ይለኛል።

መልህቅ የሚይዘው በምንድን ነው?

ለመነጋገር እንዲያመቸን የመልህቅን ክፍሎች እንሰይማቸው። ገመዱ የሚታሰርበት ላይኛው ጫፍ ቀለበት ነው። ከቀለበቱ ወደ ታች የሚወርደው ረጅሙ ብረት ዘንግ ይባላል። ወለሉን የሚቧጥጡት ጥፍሮች ናቸው። ጥፍሮቹ ከዘንጉ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ሥር እለዋለሁ። ይህንን «ሥር» የሚለውን ቃል ልብ በሉልኝ፤ ኋላ የምናወራው ሁሉ እሱን የሚመለከት ነው። በእኛ አካባቢ የተለመደው መልህቅ ብየዳ ቤት የሚሠራ፣ ከፌሮ ብረት የታጠፈ ባለ አራት ጥፍር ነው። ርካሽ ነው፣ በየትኛውም ጎኑ ቢወድቅ አንዱ ጥፍር ይይዛል። ክፉነቱም ያው ነው፤ በየትኛውም ጎኑ ይይዛል።

ብዙ ሰው መልህቅ የሚይዘው በክብደቱ ይመስለዋል። ክብደት ይረዳል፤ ግን አሥር ኪሎ ብረት ስድስት ሰው የጫነ ጀልባ በነፋስ ላይ በክብደቱ ብቻ ሊያቆም አይችልም። ዋናው ነገር የገመዱ አቅጣጫ ነው። ገመዱ ወደ ወለሉ ተጠግቶ በአግድም ሲጎትት ጥፍሩ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይገባል። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሲጎትት ግን ጥፍሩ ይነቀላል። ለዚህ ነው ገመድ ከጥልቀቱ አምስት እስከ ሰባት እጥፍ ይለቀቅ የሚባለው። ሒሳቡን እንሥራው። ጥልቀቱ 8 ሜትር ሆኖ 40 ሜትር ገመድ ብንለቅ፣ ገመዱ ከወለሉ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 11 ዲግሪ ተኩል ገደማ ነው። 24 ሜትር ብቻ ብንለቅ ወደ 19 ዲግሪ ተኩል ይደርሳል። ጀልባውን መልህቁ አናት ላይ ብናመጣው ደግሞ 90 ዲግሪ። (ይህ ገመዱ እንደ ማስመሪያ ቀጥ ብሏል ብለን ነው። ከመልህቁ ቀጥሎ ሁለት ሦስት ሜትር ሰንሰለት ካለ ክብደቱ ገመዱን ወደ ወለል ስለሚስበው ማዕዘኑ ይቀንሳል።)

እንግዲህ ለመያዝ ገመዱን ማርዘም፣ ለማስለቀቅ ማሳጠር ነው። ቀላል ነው። ሆኖም ብዙ ጊዜ የማየው ተማሪ ሁሉ ገመዱን ይዞ ከሃያ ሜትር ርቀት እየጎተተ «አልወጣም አለ!» ሲል ነው። እንዴት ይወጣል? በዚያ ርቀት መጎተት ማለት ጥፍሩን መቅበር ነው።

ጭቃው

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ከ8 እስከ 9 ሜትር፣ እጅግ ጥልቅ የሚባለው ቦታ 14 ሜትር ገደማ ነው። ሻላ 266 ሜትር መድረሱን ስናስብ እኛ በገመድ ረገድ የታደልን ነን። ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ዓመት ዓመት ደለል ያስገባሉ፤ ስለዚህ ከዳርቻ ራቅ ሲባል ወለሉ በአብዛኛው ደቃቅ ጭቃ ነው። ሐይቁ ራሱ የተፈጠረው የእሳተ ገሞራ ቅላጭ መውጫውን ገድቦት ስለሆነ ደግሞ በደሴቶቹ ዙሪያና በአንዳንድ ዳርቻዎች ጥቁር ድንጋይ አለ። ሁለቱ አያያዛቸውም መድኃኒታቸውም ይለያያል።

ጭቃ ውስጥ የገባ መልህቅ እንደ ክረምት ቡት ጫማ ነው። ጭቃ ውስጥ የሰመጠ ቡት በኃይል ከተመነጨቀ እግር ይወጣና ቡቱ ይቀራል፤ ረጋ ብሎ ወዘወዝ ሲደረግ ግን ይለቃል። ምክንያቱ ያው ነው። ደቃቅ ጭቃ ውኃ ቶሎ አያሳልፍም። መልህቁ ከፍ ሲል ከሥሩ ክፍተት ይፈጠራል፣ ክፍተቱን የሚሞላ ውኃ ካልገባ ግን ግፊቱ መልሶ ወደ ታች ይይዘዋል። ውኃው ሰርጎ እንዲገባ ጊዜ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በጭቃ ላይ ጊዜ ከጉልበት ይበልጣል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ነጂው በዝግታ ወደ መልህቁ ይነዳል። አፍንጫው ላይ የተቀመጠው ሰው የላላውን ገመድ እየሰበሰበ በእጁ አቅጣጫ ያሳያል። መጮህ አያስፈልግም፣ በሞተር ድምፅ አይሰማም። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ሲወርድ ሞተሩ ከማርሽ ይወጣል። ከዚያ ገመዱ ተወጥሮ በአፍንጫው ማሰሪያ ላይ አንድ ሁለት ዙር ይጠመጠማል፤ ጫፉን ሰው በእጁ ይይዘዋል። አይቋጠርም! የተቋጠረ ገመድ ሲወጠር ሊፈታ አይችልም፤ የተጠመጠመ ግን እጅ ሲለቀው ወዲያው ይለቃል። ገመዱን በእጅ መዳፍ ላይ መጠቅለል ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ጣት ይቆርጣል።

ከዚያስ? ከዚያ መቀመጥ። አሥር ደቂቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ። እኔ መጀመሪያ ላይ ይህ የስንፍና ዘዴ መስሎኝ ነበር፤ አብሬአቸው የምወጣው አዛውንት ነጂ ግን በዚህ ጉዳይ አይደራደሩም። «ልጄ፣ ጀልባው ራሱ ይጎትትልሃል። አንተን ምን አስቸኮለህ?» ይሉኛል። ትክክል ናቸው፤ በቁጥርም ይታያል። ማዕበል ካለ አፍንጫው ዝቅ ሲል ገመዱ ይላላል፤ ያንን ላላ ያለውን እንሰበስባለን። አፍንጫው መልሶ ከፍ ሊል ሲፈልግ ገመዱ ይይዘዋል። የአፍንጫው ክፍል በውኃው ላይ አንድ ሜትር ተኩል ካሬ ቦታ ይሸፍናል ብንልና ገመዱ ከተለመደው 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርጎ ቢይዘው፣ የተገፋው ውኃ 0.15 ሜትር ኩብ፣ ማለትም ወደ 150 ኪሎ ነው። ውኃው ያንን ያህል ወደ ላይ ይገፋል። ተንበርክኮ የሚጎትት አንድ ሰው የዚህን ሲሶም አያወጣ።

ማለዳ ላይ ጣና እንደ መስታወት ነው፤ ማዕበል ከየት ይመጣል? ያኔ ማዕበሉን እኛው እንሠራለን። ሁለት ሦስት ሰው ወደ አፍንጫው ይጠጋል፣ አፍንጫው ዝቅ ይላል፣ ገመዱ እስከ መጨረሻው ይወጠርና ይጠመጠማል። ከዚያ ሰዎቹ ተጎንብሰው በመሀል በኩል አንድ በአንድ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። አፍንጫው ከፍ ይላል፣ መልህቁም ይነቀላል። ካልተነቀለ ይደገማል። ሁላችሁም ላይፍ ጃኬት መልበስ አለባችሁ፤ አፍንጫው ወደ ውኃው ከአንድ ስንዝር በላይ ከቀረበ ጫፉን የያዘው ሰው ሳይጠይቅ ይልቀቅ።

ድንጋዩ

ድንጋይ ላይ ግን ትዕግሥት ብቻውን አይበቃም። ጥፍሩ ከቋጥኝ ሥር ገብቶ ከሆነ ወደ ላይ መጎተት ይበልጥ ሊሸጉጠው ይችላል። በር ላይ የተንጠለጠለ መንጠቆን አስቡት፤ በገባበት መንገድ ነው የሚወጣው። ስለዚህ መልህቁ መጀመሪያ ከተጎተተበት በተቃራኒ አቅጣጫ መጎተት ነው። ይህን ለማድረግ ደግሞ መጀመሪያ ወዴት እንደተጎተተ ማወቅ ይጠይቃል። በናሙና ቅጻችን ላይ የነፋስ አቅጣጫ የሚል ቦታ አለ፤ ብዙዎቻችን ባዶ እንተወዋለን ወይም ወደ ማታ ገምተን እንሞላለን። መልህቅ በተጣለበት ሰዓት ቢሞላ ለዳታውም ለመልህቁም ይጠቅማል። ነፋሱ ከሰሜን ከሆነ ጀልባው ወደ ደቡብ ተንሳፎ ነው ጥፍሩን ያስያዘው፤ ስለዚህ ወደ ሰሜን መጎተት አለበት።

ገመዱ ከጥልቀቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይለቀቅና ጀልባው ሰፋ ባለ ዙር ወደ ማዶ ይዞራል። እዚያ ሲደርስ አፍንጫውን ወደ መልህቁ ያዞራል። ገመዱ አሁንም አፍንጫው ላይ ነው። ከዚያ ሞተሩ በዝግታ የኋላ ማርሽ ይገባና ጀልባው ወደ ኋላ ይስባል። አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይኖረው ገመዱን ብቻ ይመለከታል፤ የላላ ገመድ ወደ ፕሮፔለር ከገባ ችግሩ ሁለት ይሆናል። በመጀመሪያው አቅጣጫ ካልለቀቀ ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እየተባለ ይሞከራል። ባለ አራት ጥፍሩ መልህቅ ላይ ይህ መሞከር ረዘም ሊል ይችላል፣ ምክንያቱም የትኛው ጥፍር የትኛው ስንጥቅ ውስጥ እንደገባ ከላይ ማወቅ አይቻልም።

እዚህ ላይ ጽሑፉን እንድጽፍ ያነሣሣኝን ነገር ላንሣ። ገመዱ አፍንጫው ላይ ይሁን እያልኩ የምደጋግመው ያለ ምክንያት አይደለም። ሞተሩ ኋላ ስላለ፣ ጉልበቱም ወደ ፊት ስለሚበልጥ፣ «ለምን ገመዱን ኋላ አስረን ወደ ፊት አንነዳም?» የሚል ሐሳብ በሁሉም ጀልባ ላይ ከአንድ ሰው አፍ ይወጣል። ትራክተር መጎተት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 28 ቀን 2009 (በእኛ የካቲት 21 ቀን 2001 ዓ.ም.) በፍሎሪዳ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ዓሣ ለማጥመድ የወጡ አራት ጓደኛሞች መልህቃቸው አልወጣ አላቸው። ገመዱን ወደ ጀልባው ኋላ አዛውረው አሰሩና ሞተሩን ወደ ፊት ሰጡት። ጀልባዋ ከኋላ ውኃ ገብቷት ተገለበጠች። ከአራቱ ሦስቱ ሞቱ። ከሟቾቹ ሁለቱ በአሜሪካ ፉትቦል በፕሮፌሽናል ደረጃ የተጫወቱ፣ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ የነበሩ ግዙፍ ጎረምሶች ናቸው። የተረፈው አንዱ በተገለበጠችው ጀልባ ላይ ተንጠልጥሎ ሁለት ሌሊት ከቆየ በኋላ ነው የተገኘው።

ምን ሆኖ ነው? የጀልባ ኋላ ከሁሉም ዝቅ ያለ ክፍል ነው፤ ሞተሩ እንዲገጠምበት ጠርዙ የተቆረጠ ነው። ሞተሩ፣ ቤንዚኑና ነጂው እዚያው ስለሆኑ ክብደቱም እዚያ ነው። ሞተሩ ወደ ፊት ሲገፋ አፍንጫው ይነሣል፣ ኋላው ይሰምጣል። ገመዱ ደግሞ ኋላውን ወደ ፊት እንዳይሄድ ይይዘውና ወደ ታች ይስበዋል። ሞተሩ በገፋ ቁጥር ኋላው ይወርዳል። ውኃ ከጠርዙ በላይ አንዴ ከገባ ወደ ዝቅተኛው ጎን ይሮጣል፣ እዚያም ይጭናል። ሁሉም በሰኮንዶች ውስጥ ያልቃል። ጥንካሬም ዋናም እዚህ ላይ ብዙ አያድንም። «ጣና እኮ ባሕር አይደለም» የሚለኝ ይኖራል። የሦስት ሜትር ጥልቀትም ቢሆን ለዚህ በቂ ነው።

ሰንሰለት መላክ

ከሁሉም ዘዴዎች የምወደው ይህ ነው፤ መሣሪያውም ከብየዳ ቤት ጓሮ የማይጠፋ ነው። ሁለት ሜትር ገደማ ሰንሰለት ይወሰድና በመልህቁ ገመድ ዙሪያ እንደ ቀለበት ይዘጋል። ቀለበቱ የራሱ ገመድ ይታሰርለታል። ጀልባው መልህቁ አናት ላይ ሆኖ ዋናው ገመድ ቀጥ ብሎ ሲወጠር፣ የሰንሰለቱ ቀለበት በገመዱ ላይ ተንሸራትቶ እንዲወርድ ይደረጋል። በክብደቱ ይወርዳል። ቀለበቱንና ዘንጉን አልፎ ወደ ሥሩ ሲጠጋ እጅ ላይ ይታወቃል፤ ገመዱ ቀለል ይላል።

አሁን ዋናው ገመድ ላላ ተደርጎ የሰንሰለቱ ገመድ በተቃራኒ አቅጣጫ ይጎተታል። ጉልበቱ በቀለበቱ በኩል መሆኑ ቀርቶ በሥሩ በኩል ስለሚሆን መልህቁ በገባበት ወደ ኋላው ይወጣል። ሁለተኛ ጀልባ ካለ አንዱ ዋናውን ገመድ ይዞ ይቆማል፣ ሌላው ሰንሰለቱን ይጎትታል። ሁለተኛ ጀልባ ከሌለ ዋናው ገመድ ባዶ ጀሪካን ይታሰርበትና ውኃው ላይ ይለቀቃል፤ ያው ጀልባ የሰንሰለቱን ገመድ በአፍንጫው ይዞ ወደ ማዶ ይሄዳል። ባለ አራት ጥፍሩ መልህቅ ላይ ሰንሰለቱ አንዳንዴ በጥፍር ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል እንጂ እስከ ሥሩ አይደርስም። ከፍ ዝቅ እያደረጉ መወዝወዝ ነው።

በመጻሕፍት ላይ ሌላም ዘዴ አለ፤ ትልቅ ተንሳፋፊ ኳስ በብረት ቀለበት ገመዱ ላይ ይገባና ጀልባው ወደ ፊት ሲነዳ ገመዱ በቀለበቱ ውስጥ እየሮጠ መልህቁን ወደ ላይ ይስበዋል። በጥልቅ ባሕር ለሚሠሩ ጉልበት ይቆጥባል። ድንጋይ ውስጥ ለተወሸቀ መልህቅ ግን ይህን ያህል አይረዳም፣ ለ8 ሜትር ጥልቀትም ድካም ነው። ስላነበብኩት ብቻ ጠቀስኩት።

ከመጣሉ በፊት

ነጂዎቹ «መልህቅ የሚወጣው ሲጣል ነው» ይላሉ። ድንጋይ እንዳለ በሚታወቅበት ቦታ ሁለት ቅድመ ዝግጅቶች አሉ።

አንደኛው የሚበጠስ ማሰሪያ ነው። ሰንሰለቱ ወይም ገመዱ በቀለበቱ ላይ በመታሰር ፈንታ መልህቁ ሥር ላይ በደንብ ይታሰራል። ከዚያ በዘንጉ ጎን ወደ ላይ ይሄድና ቀለበቱ ላይ በሲባጎ ብቻ ይያዛል። በተለመደው ጊዜ ሲባጎው ይይዛል፤ መልህቁም እንደ ማንኛውም መልህቅ ይሠራል። ሲወሸቅ ግን ጀልባውን አናቱ ላይ አምጥቶ ጠንከር አድርጎ መጎተት ነው። ሲባጎው ይበጠሳል፣ ጉልበቱ ወደ ሥሩ ይዛወራል፣ መልህቁ በጀርባው ይወጣል። ሲባጎው ስንት ዙር ይሁን የሚለውን በወረቀት አልነግራችሁም፤ ሲባጎ ከሲባጎ ይለያያል። መሬት ላይ መልህቁን ዛፍ ላይ አስሮ በመጎተት መሞከር ይቻላል፦ አንድ ሰው ሲጎትተው የሚይዝ፣ ሁለት ሰው ሲጎትተው የሚበጠስ ከሆነ ለእኛ ጀልባ ጥሩ መነሻ ነው። እክሉ ግልጽ ነው። ነፋስ ሲበረታ አፍንጫው እየተነሣ እየወረደ ሲባጎውን ሳንፈልግ ሊበጥሰው ይችላል። ሰው ነቅቶ ለሚቆይበት የአንድ ሰዓት ናሙና እንጂ ለሌሊት አዳር አይሆንም።

ሁለተኛው ከመልህቁ ሥር የሚነሣ ሌላ ቀጭን ገመድ ነው። ጫፉ ላይ ተንሳፋፊ ይታሰርበታል፤ መልህቁ ሲያስቸግር በዚህ ገመድ ከሥሩ ይሳባል። ርዝመቱ ከጥልቀቱ ሁለት ሜትር ቢበልጥ ይበቃል፤ ከበዛ ፕሮፔለር ይፈልገዋል። ተንሳፋፊው ባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ባይሆን እመርጣለሁ። አስጋሪዎችም መረባቸውን በሃይላንድ ስለሚያመለክቱ፣ አንዱ የራሱ መረብ መስሎት ጎትቶ መልህቃችሁን ሊነቅልባችሁ ይችላል። ቢጫ ጀሪካን ላይ የክፍሉን ስም መጻፍ ይሻላል።

ሌላው፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ ብረት የግድ ነው ወይ? በታንኳ የሚወጡት አስጋሪዎች ድንጋይ አስረው ይጥላሉ። ድንጋይ አይቧጥጥም፤ ስለዚህ ይንሸራተታል። ውኃ ውስጥም ክብደቱ ይቀንሳል፤ ጥቁር ድንጋይ ሲሶ ያህሉን ሲያጣ ብረት የሚያጣው ስምንተኛውን ብቻ ነው። 30 ኪሎ ድንጋይ ውኃ ውስጥ 20 ኪሎ መሆኑ ነው። ነገር ግን በጸጥታ ማለዳ፣ ለግማሽ ሰዓት ናሙና ይበቃል። ቢወሸቅ ደግሞ የጠፋው ድንጋይ ነው፤ ማንም አያለቅስለትም።

የሰው መረብ

ለእኔ ከሁሉም አስቸጋሪው ጭቃም ድንጋይም አይደለም። መልህቁ ቀስ እያለ ይመጣል፣ ግን ከመጠን በላይ ይከብዳል፣ እንደ ላስቲክ ይሳባል። ያ መረብ ነው። ያን ጊዜ ሞተር ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። መረብ ፕሮፔለር ላይ ከተጠመጠመ መረቡም ሞተሩም አለቀላቸው።

መልህቁ ወደ ውኃው ፊት ሲቀርብ ከመረቡ ሥር ሌላ ገመድ ይሻገርና መረቡ በጀልባው ጎን እንዲንጠለጠል ይደረጋል። መረቡ በዚያ ገመድ ሲደገፍ መልህቁን ክንድ ያህል ወደ ታች መልቀቅ ነው። ክብደቱ ከጥፍሮቹ ላይ ሲነሣ ክሩ ይላላል፣ አንድ በአንድ ይላቀቃል። ቢላ የመጨረሻ ነው፤ ከተቆረጠም ጥፍሩ ላይ የተተበተበው ዓይን ብቻ ይቆረጥ እንጂ መረቡን የተሸከመው ላይኛው ገመድ አይነካ። መረቡ ውስጥ ዓሣ ካለ የባለቤቱ ነው፤ ናሙና አይደለም። (ይህን ማለት አስፈላጊ ሆኖ ያገኘሁት ለመለካት ወስደን እንመልሰው የሚል ሰው ስለሰማሁ ነው።) አንድ አስጋሪ እንዲህ ብለውኛል፦ «የእናንተ መልህቅ ብረት ነው፣ ሌላ ይበየዳል። መረቤ ግን እንጀራዬ ነው።» ከተጎዳ ተንሳፋፊው ላይ ስልክ ቁጥር ጽፎ ማሰር ቢያንስ የሚያስመሰግን ነው።

ባለቤት የሌለው፣ ተበጥሶ የቀረ መረብ ከሆነ ግን ጀልባ ላይ ይጫን። ወለል ላይ ተኝቶም ማንም የማይበላውን ዓሣ ይገድላል። ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የምናውቀው እምቦጭም የራሱ ጣጣ አለው፤ በነፋስ ተገፍቶ ገመዱ ላይ ሲከመር ጭነቱ ይበዛል። ከመጎተት በፊት አረሙን ከገመዱ ላይ ማጽዳት ነው፤ ብዙ ጊዜ «የተያዘው» መልህቅ ያኔ ይለቃል።

መቁረጥ

አንዳንዱ ጎበዝ ዋናተኛ «ገመዱን ይዤ ወርጄ አላቅቀዋለሁ» ይላል። አይሆንም። የጣና ውኃ ድፍርስ ነው፤ ታች ሲደርስ የራሱን እጅ አያይም። የተወጠረ ገመድ፣ የላላ መረብና ስለት ያለው ድንጋይ ባለበት ቦታ በዳሰሳ መሥራት ነው። ብልሃርዝያውን ሳንቆጥር።

የሚቀረው መቁረጥ ነው። እዚህ ላይ ነው የትምህርት ክፍላችን ነገር የሚመጣው። ባለፈው የመስክ ጊዜ ከአንድ ደሴት አጠገብ መልህቃችን ድንጋይ ውስጥ ገባ። ሰዓቱ ዘጠኝ አልፏል፣ የከሰዓቱ ነፋስ ተነሥቷል፣ ማዕበሉ ጠርዙን መምታት ጀምሯል። ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ሞከርን፤ ሰንሰለት አልነበረንም። ከኋላ «ኋላ እንሰረው» የሚል ድምፅ መጣ። አዛውንቱ ነጂ ዞረውም አላዩትም። ግን ለመቁረጥም ዘገዩ። ለምን እንደዘገዩ ገብቶኛል፤ መልህቁም ሰላሳ ምናምን ሜትር ገመዱም የራሳቸው ናቸው። ለዕለቱ የሚከፈላቸው ኪራይ አይመልሰውም፣ ከእኛም ወገን «እንተካለን» ያለ ሰው አልነበረም። ሩብ ሰዓት ያህል ነፋሱ እየበረታ ቆየን። በመጨረሻ አብሮን የነበረው አስተማሪ «ጋሼ፣ ይቁረጡት፤ ዋጋው በእኔ ነው» አላቸው። ወዲያው ቆረጡ።

እኔ ከዚህ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው። የመልህቁን ዋጋ ማን እንደሚሸከም ከጉዞው በፊት ካልተነገረ፣ ነጂው በማዕበል መሀል የገንዘብ ሒሳብ እንዲሠራ እየፈረድንበት ነው። በኪራይ ውሉ ላይ «የጠፋ መልህቅና ገመድ በክፍሉ ይተካል» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር የሚያስወጣው ወጪ ከአንድ ላይፍ ጃኬት ብዙ አይርቅም። ሦስት ሜትር ሰንሰለት፣ የሰንሰለት ማያያዣ፣ ሃያ ሜትር ተጨማሪ ገመድና ሁለት ቢጫ ጀሪካን ደግሞ ዕቃ ቤታችን ውስጥ ቢቀመጡ ለሁሉም ባች ይበቃሉ።

አቆራረጡም ሥርዓት አለው። ከመቆረጡ በፊት ጫፉ ላይ ጀሪካን ይታሰራል፤ የተንሳፈፈ ባዶ ገመድ ለሚቀጥለው ጀልባ ወጥመድ ነው። ገመዱ በረጅሙ ሳይሆን ቀጥ ካለው ላይ ሁለት ሦስት ሜትር ብቻ ተርፎ ይቆረጣል። የተወጠረ ገመድ ሲበጠስ ስለሚገርፍ ማንም በገመዱ መስመር ላይ አይቁም። ጂፒኤስ ላይ ነጥቡ ይመዘገባል፤ ከሌለም በመስመር ላይ ያሉ ሁለት ሁለት ምልክቶች፣ ለምሳሌ ዛፍ ከቤት ጣራ ጋር፣ በሁለት አቅጣጫ ይያዛሉ። ቢላው ሁልጊዜ ከአፍንጫው ማሰሪያ አጠገብ በሲባጎ ታስሮ ይቀመጣል፤ በቦርሳ ውስጥ ያለ ቢላ በሚፈለግበት ሰዓት አይገኝም።

እኛ የቆረጥነውን ነጂው በማግስቱ ማለዳ፣ ሐይቁ ጸጥ ባለበት ሰዓት፣ ሰንሰለት ተውሰው ሄዱ። ጀሪካኑ ባለበት ነበር። ነፋሱ ከየት እንደነበር ቅጻችን ላይ ተጽፎ ስለነበር በስልክ ነገርኳቸው፤ በተቃራኒው ሳቡት። አንዱ ጥፍር ተጣሟል፣ ሌላው ደህና ነው። ብየዳ ቤት ወስደው አቃኑት።